ከመስታወት ቤት ያመለጠው ጌጥ

በ1849 መገባደጃ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን በእንግሊዙ የቻትስወርዝ ግቢ የአማዞኑን ግዙፍ የውሃ አበባ፣ ቪክቶሪያን፣ እንድታብብ አበቃት። ከመስታወት በተሠራው ቤት ውስጥ ገንዳውን አሙቆ፣ ውሃው ሳያቋርጥ እንዲንቀሳቀስ አደረገ። ትንሿ ልጁ አኒ ቅጠሏ ላይ ብትቆም ቅጠሉ አልሰመጠም። በብርድ አገር ግን ሙቀቱ ከተቋረጠ ቪክቶሪያ አትቆይም።

ከዚያው ከደቡብ አሜሪካ የወጣ ሌላ የኩሬ ጌጥ አለ፤ እምቦጭ። ይህኛው ዘር ብቻ አይጠብቅም። ከግንዱ ሥር የሚዘረጋው ቅጥያ አዲስ ተክል ይሆናል፤ ተቆርጦ የቀረውም ይንሳፈፍና በሄደበት ይራባል።

በ1884 በአሜሪካ በተከፈተው የኒው ኦርሊንስ ኤግዚቢሽን ጃፓኖች እምቦጭን ለጎብኚው አደሉት የሚለው ወሬ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል። እኔ አልመካበትም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባልደረባ ኸርበርት ዌበር በ1897 ያሳተመው ዘገባ የተሻለ ምስክር ነው፤ በ1890 ገደማ በፍሎሪዳ፣ ፓላትካ አጠገብ፣ ከአንድ ኩሬ የተረፈው እምቦጭ ወደ ሴንት ጆንስ ወንዝ ተጣለ። በ1899 የአገሪቱ ምክር ቤት የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ወንዞቹን እንዲያጸዱ አዘዘ። አደጋው በመንግሥት ሰነድ ላይ እንዲህ ተጽፎ ሳለ ተክሉ ለውበቱ ሲባል በየአገሩ መዞሩ እጅግ ያሳዝነኛል።

ግብጽ በኬዲቭ ተውፊቅ ዘመን (1879–1892) ለመናፈሻ ኩሬዎቿ አስገብታው ነበር። በነጭ ዓባይ በ1958፣ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ በ1965 ታየ።

ጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው በ2011 ነው፤ ከቆቃ 46 ዓመት ዘግይቶ። ያን ሁሉ ዘመን ማስጠንቀቂያው በገዛ አገራችን ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነበር። እምቦጩ በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያዘ፤ ወንዞች ከእርሻ ጠርገው የሚያመጡት ደለልና ማዳበሪያም መገበው። የደምቢያና የፎገራ ገበሬዎች ውሃው ውስጥ ቆመው በእጃቸው ነቀሉት። ዓሣ አስጋሪው መረቡን የሚጥልበት አጣ፤ ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰውና ከብት የሚሰማራበት መሬትም በአረሙ ተሸፈነ። በ2020 መንግሥት ሌላ የነቀላ ዘመቻ አወጀ። ዘሩ ግን በደለሉ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ዳር ላይ የተከመረውም ሳይደርቅና ሳይቃጠል ክረምት ከደረሰበት ጎርፉ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል።