ብሬክአውት፦ ጎልቶ የሚወጣውን ተቀባይ ቀድሞ ማየት

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ፋንታሲ የለመደ ሰው ለአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ እንግዳ አይሆንም። እዚያም ቡድን ይመሠረታል፤ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ ይቆጠራል። ልዩነቱ፣ በአብዛኞቹ ውድድሮች አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ ከወሰደው ሌላው አያገኘውም። ስለዚህ ሁሉም «ብሬክአውት» ያደናል።

ብሬክአውት እምብዛም ያልተወራለት ተጫዋች ከዋነኞቹ ተርታ የሚገባበት የውድድር ዘመን ነው፤ በአማርኛ «ጎልቶ መውጣት» ብንለው ያስኬዳል። ስሙ የገነነ ተጫዋች ጥሩ ቢጫወት ጎልቶ ወጣ አይባልም፤ ከተጠበቀው በላይ መሆን አለበት። ቃሉ በብዛት የሚነሣው ከዋይድ ሪሲቨሮች፣ ማለትም ወደ ዳር ተሰልፈው ኳርተርባኩ የሚወረውረውን ኳስ እየሮጡ ከሚቀበሉት ጋር ነው።

ፑካ ናኩዋን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት 5ኛ ዙር፣ በ177ኛነት መረጠው። የቡድኑ ዋና ተቀባይ ኩፐር ካፕ ተጎድቶ ስለነበር የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲያትል ላይ በቋሚነት ጀመረ። 15 ኳስ ተወረወረለት፤ 10ሩን ይዞ 119 ያርድ ሄደ። ለእያንዳንዱ ለተያዘ ኳስ 1 ነጥብ፣ ለ10 ያርድ ደግሞ 1 ነጥብ በሚሰጥበት ስሌት 21.9 ነጥብ ማለት ነው። በሳምንቱ 20 ተወረወረለት፤ 15 ያዘ። በሁለቱም ጨዋታ ግን አንድም ተችዳውን (ኳሱን በተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል አድርሶ ማስቆጠር) አላገባም፤ የመጀመሪያውን ያገኘው በ4ኛው ሳምንት ነው። ተችዳውን ብቻ እያየ የሚመርጥ ሰው እስከዚያ ድረስ አልፎት ነበር።

በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ቁጥር ለተጫዋቹ የተወረወረለት ኳስ ብዛት ነው፤ «ታርጌት» ይሉታል። ተችዳውን ዕድል ያመጣዋል፣ ዕድል ይወስደዋል። ኳርተርባክ ግን በአንድ ጨዋታ 15 ጊዜ ወደ አንድ ሰው የሚወረውረው በአጋጣሚ አይደለም። በየክረምቱ ከልምምድ ሜዳ የሚነዛውን «ዘንድሮ ልዩ ሆኗል» የሚል ወሬ ግን እንደ ወሬነቱ መስማት ይሻላል።

በተጎዳ ኮከብ ቦታ የገባ ተጫዋች ኮከቡ ሲመለስ ሊደበዝዝ ይችላል። ካፕ በ5ኛው ሳምንት ሲመለስ የናኩዋም ድርሻ እንዲሁ ያልቃል ያለ ብዙ ነበር። በዚያው ጨዋታ ናኩዋ 7 ኳስ ይዞ ተችዳውን አገባ፤ ዓመቱንም በ105 የተያዙ ኳሶችና በ1,486 ያርድ ጨርሶ የጀማሪዎችን ሁለት ክብረ ወሰን ሰበረ።

ሁሉም ግን በመጀመሪያ ዓመቱ አይወጣም። የሂውስተን ቴክሳንሱ ኒኮ ኮሊንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ድምር 1,000 ያርድ አልሞላም ነበር። በ2023 ሲ.ጄ. ስትራውድ የሚባል አዲስ ኳርተርባክ ሲመጣለት፣ በዚያ አንድ ዓመት ብቻ 1,297 ያርድ አስመዘገበ።