አልማዝ ባለጭራ እና የፊት ነርቭ፦ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀር ሕመም



ቦንጋ ሳድግ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት የነጠላቸው ጫፍ ግንባራቸውን ሲነካው ይጮኹ ነበር። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ከዳነ ዓመት አልፎታል፤ ከጠባሳው በቀር የሚታይ ነገር ስላልነበረ ብዙ ሰው ሕመማቸውን አላመነም። ዛሬ የምናገረው እንዲህ ያለው ሕመም እውነተኛ መሆኑ በምን መንገድ እንደታወቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ቤረንሽፕሩንግ የሽፍታውን ምንጭ ከቆዳው አልፎ በነርቭ ቋጠሮ ውስጥ አገኘው። በ1900 ሄድና ካምቤል በእንግሊዝ አገር አስከሬኖችን መርምረው በቋጠሮዎቹ ላይ ብግነትና ጉዳት መኖሩን አረጋገጡ። በ1965 ደግሞ በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ የሚሠራው ሐኪም ሆፕ ሲምፕሰን፣ ታካሚዎቹን ለዓመታት መዝግቦ፣ በልጅነት ቺክን ፖክስ ያመጣው ቫይረስ በቋጠሮው ተደብቆ ኖሮ የሰውነት መከላከያ ሲደክም እንደሚቀሰቀስ አስረዳ።

የፊታችንን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው። ቫይረሱ ቋጠሮውን ሲያስቆጣ ከብግነቱ የሚመነጩ ኬሚካሎች የሕመም ነርቮችን በቀላሉ የሚነሡ ያደርጓቸዋል። የተጎዱት ነርቮችም ማንም ሳይነካቸው መልእክት ይልካሉ። ይህ ሲደጋገም መልእክቱን የሚቀበሉት የአንጎል ግንድ ሕዋሳት ራሳቸው ይለወጣሉ፤ ያን ጊዜ የነጠላ ንክኪ እንደ ቃጠሎ ይሰማል።

በአገራችን ይህ በሽታ ሌላም ሸክም ነበረበት። ኤች አይ ቪ ሲስፋፋ አልማዝ ባለጭራ በወጣቶች ላይ መታየቱ የቫይረሱ ምልክት ሆኖ ስለታወቀ፣ ፊቱ ላይ የወጣበት ሰው ከሕመሙ ጋር ሐሜትንም ይፈራ ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሐሜት ፈርቶ መዘግየት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ የፀረ ቫይረስ ሕክምና ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ሲወጣም ለዓይን ያሰጋል።

እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ይህን ቀሪ ሕመም እንደሚያስታግስ አሳየ። መድኃኒቱን የምታዙ ተማሪዎቼ ሆይ፣ ምክንያቱን ለታካሚው አስረዱ። ሳታስረዱ ከሰጣችሁት «ሕመምህ በሐሳብህ ነው» ያላችሁት ይመስለዋል።

የሆፕ ሲምፕሰን መነሻ የታካሚዎቹ መዝገብ ነበር። መዝገብ በከፋ ጤና ጣቢያዎችም አለ። ጎረቤታችን የተናገሩትን የሚጽፍላቸው ሰው አላገኙም፤ ከእናንተ ዘንድ የሚመጡት ግን ይጻፍላቸው።