ከሹሩባ እስከ ንቅለ ፀጉር፦ የራስ ቆዳ ጠባሳና ጥበቃው

ፀጉር በሀገራችን ታሪክ ተራ የገላ ክፍል ሆኖ አያውቅም። የሰው ዕድሜና ማዕረግ፣ ደስታና ሐዘን ይነበብ የነበረው ከራሱ ላይ ነበር። ለሕፃን ቁንጮ ወይም ጋሜ ይተውለታል፤ ልጃገረድ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ትታ እስክትዳር ሳዱላ ትባላለች፤ ጀግና ጎፈሬውን ያጎፍራል ወይም ሹሩባ ይሠራል፤ ሐዘንተኛ ራሱን ይላጫል። ዐፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው ይታወቁ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲወድቁ ከራሳቸው ላይ የተቆረጠው ፀጉር ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ በለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከቆየ በኋላ በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ጥቂት ዘለላ ፀጉር ከ150 ዓመት በኋላ የሀገር ጉዳይ መሆኑ፣ ሕዝባችን ለፀጉር ምን ያህል ክብር እንዳለው ያስረዳል።

ይሁን እንጂ ፀጉሩን ያከበርነውን ያህል ፀጉሩ የበቀለበትን ቆዳ አላሰብነውም። ቆረቆር፣ በልጅነት የደረሰ ቃጠሎ፣ የምላጭ ቁስል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ በራስ ቆዳ ላይ ጠባሳ ጥለው ያልፋሉ። ጠባሳውም በሻሽ፣ በባርኔጣ ወይም በሌላ ሹሩባ ይሸፈናል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት እንዲህ ያለውን ጭምር ነው።

ይህን ጉዳይ በቅርብ ለማየት ካርቱም ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በፖለቲካ ስደት፣ በ1977ቱ ድርቅ ደግሞ በረኀብ የተነሣ ብዙ ወገኖቻችን ወደ ሱዳን ተሻግረዋል፤ ኋላም ሥራ ፍለጋ የተጓዙት ቁጥራቸው ቀላል አልነበረም። ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ ባለው በአል-ጣኢፍና በመሰል ሰፈሮች በሰው ቤት የሠሩ፣ ሻይና ቡና ያፈሉ፣ ፀጉር በመሥራት የኖሩ እኅቶቻችን የሐበሻን ሹሩባ ይዘው ሄደው ሌላ ጥንታዊ ሙያ አገኙ። ይኸውም ሱዳናውያን «ሙሻጥ» የሚሉት የቀጭን ጉንጉን ጥበብ ነው። የእኛ ሴቶች ለጋ ቅቤ በአደስ አሽተው ሲቀቡ፣ የሱዳን እናቶች ደግሞ «ካርካር» ይቀባሉ። ካርካር ከሰሊጥ ዘይትና ከእንስሳ ስብ ጋር የብርቱካን ልጣጭና ቅርንፉድ ተጨምሮበት የሚፈላ ቅባት ነው። ሁለቱም በደረቅና ሞቃት አየር የሚሰባበረውን ፀጉር ለማለስለስ የተገኙ የእናቶች ጥበብ ናቸው።

ነገር ግን የሞተን የፀጉር ሥር ቅቤም ሆነ ካርካር አያስነሣውም። ጉንጉን ሲጠብቅ የፀጉሩ ሥር ይጎተታል፤ መጀመሪያ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ፀጉር ይሳሳል፤ ትናንሽ እባጮችም ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ ጉንጉኑ ቢላላ ፀጉሩ ይመለሳል። መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ በጠባሳ ይተካና ቦታው አብረቅራቂ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጉዳት የእኛ ብቻ አይደለም። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን፣ ባለቤቶቹም ፀጉራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው ያስሩ የነበሩ የግሪንላንድ ሴቶች ነበሩ።

ዛሬ በብዙዎች ዘንድ የመዋቢያ ቅንጦት ተደርጎ የሚታየው ንቅለ ፀጉርም መነሻው ጠባሳ ነው። ጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ጥናት በቃጠሎና በመሰል ምክንያት ጠባሳ በወጣበት የራስ ቆዳ ላይ፣ በክብ ስለት የተወሰደ ፀጉር ያለው ቆዳ እየተከለ ማዳኑን ገለጸ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መነሣትና ጽሑፉ በጃፓንኛ መሆኑ ሥራውን ከምዕራቡ ዓለም ሰውሮት ቆየ። በኒው ዮርክ ኖርማን ኦረንትራይክ እ.ኤ.አ. በ1952 ተመሳሳዩን ሥራ በራሰ በራዎች ላይ ጀመረ፤ በ1959 ባወጣው ጽሑፍም ከማጅራት በላይ የተወሰደ ፀጉር ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወርም የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚያድግ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሙያው በሁለት መንገድ ተራመደ። አንደኛው ከኋላ ራስ ቀጭን የቆዳ ሰቅ ቆርጦ መስፋት ሲሆን፣ የሚተወው ጠባሳ እንደ ክር የተዘረጋ ነው። ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በራስማንና በባልደረቦቹ ጽሑፍ በስፋት የታወቀው፣ ሥሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ እርሱም ነጠብጣብ ጠባሳ ይተዋል። እንግዲህ «ጠባሳ የሌለው ንቅለ ፀጉር» የሚለው ማስታወቂያ እውነት አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለእኛ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የተጠቀለለ ፀጉር ሥሩም በቆዳ ውስጥ ስለሚጎብጥ፣ ልምድ በሌለው እጅ ሲነቀል ሊቆረጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ በይበልጥ ይታያል። ጆሮዋን ስትበሳ ያበጠባት፣ ወይም ወላጁና ወንድሙ እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለበት ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል። በምላጭ ሲላጭ ማጅራቱ ላይ ጠጣር እባጭ የሚወጣበትም እንዲሁ፤ ፀጉሩ የሚወሰደው ከዚያው አካባቢ ነውና።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ የትዕግሥት ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተተከለው ፀጉር ገና ሥር ስላልያዘ መንካት፣ ማከክና ማሸት ክልክል ነው። እጥበቱ ሐኪሙ ባዘዘው ቀንና መንገድ በለዘብታ ይከናወናል። ቅርፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይረግፋል፤ በጥፍር የሚነቅለው ሰው ግን ሥሩን አብሮ ይነቅላል። ባልዳነ ቁስል ላይ ቅቤ፣ ካርካር ወይም ቅጠል መቀባት ቆሻሻን ይዞ ለመመርቀዝ ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ በፍቅር የሚቀርብ ቢሆንም በአክብሮት እምቢ ሊባል ይገባል። ፀሐይ ትኩስ ጠባሳን ስለምታጠቁር፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት እንደ ካርቱም ባለ ከተማ ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ ላላ ያለ ባርኔጣ ወይም ሻሽ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተተከለው ፀጉር ሲረግፍ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አዲሱ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱም ወደ አንድ ዓመት ገደማ ይታያል። ጠባሳውም እስኪበስል ከአንድ ዓመት የበለጠ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ አጥብቆ መጎንጎን ወይም ከባድ ሰው ሠራሽ ፀጉር መቀጠል የታከመውን ቦታ መልሶ ማቁሰል ነው። ጠባሳው እያበጠ፣ እየጠነከረ፣ እያሳከከ ከሄደ ሐኪም በሲሊከን ቅባት ወይም በመርፌ ሊያክመው ይችላል፤ ቶሎ የታየው ከዘገየው ይሻላል። መግል፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም የቆዳ መጥቆር ግን አንድ ቀን እንኳ የሚያሳድር አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት የከተማይቱን ሰፈሮች በተነ። ብዙ ወገኖቻችን በመተማ በኩል ወደ ሀገር ገቡ፤ ሌሎችም ወደየአቅጣጫው ተሰደዱ። በዚያ ፀጉር ሲሠሩ የነበሩ እጆች ሙያቸውን ይዘው ተጓዙ፤ ይህን ሙያ ዘራፊ ሊወስደው፣ ድንበር ሊያስቀረው አይችልም። ሹሩባ ሠሪ ፀጉሩን ከፍላ የራስ ቆዳን ከሐኪም በፊት የምታይ ሰው ናት። የግንባሩ ፀጉር ሲሳሳ፣ እባጭ ሲወጣ፣ የድሮ ጠባሳ ሲያብጥ መጀመሪያ ዓይኗ ላይ ይወድቃል። በዚያች ሰዓት አጥብቃ ጎንጉና ብትሸፍነው ጠባሳው ይሰፋል፤ «እኅቴ፣ ይህን ላላ አድርጌ ልሥራልሽ፤ ሐኪምም አሳዪው» ብትል ግን አንድ ራስ ታድናለች። እናቶቻችን ያወረሱን ጥበብ ፀጉርን ማስዋብ ነበር፤ በዚህ ላይ ቆዳውን መጠበቅን ብንጨምርበት ውርሱን እናሟላዋለን እንጂ አንሽረውም።