ለሙታን የሚዘረጋ ማዕድ በወገዳና በቻይና



ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት ነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚገባውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ኢትዮጵያና ቻይና በኅዳር 1963 ዓ.ም. ግንኙነት መሠረቱ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቻይናን ጎበኙ፤ በተገኘውም ብድር ቻይናውያን ከእኛ ሰዎች ጋር ሆነው መንገዱን በደርግ ዘመን ሠሩት። ለመሆኑ የእነዚያ ሰዎች አገር ሙታንን እንዴት ያስባል?

በቻይና በጨረቃ አቆጣጠር 7ኛው ወር በገባ በ15ኛው ቀን የተራቡ ነፍሳት በዓል ይውላል። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሙሊየን የተባለ የቡድሃ ደቀ መዝሙር የሞተች እናቱን በሲኦል ተርባ አያት። ምግብ ቢያቀርብላት አፏ ሳይደርስ እሳት ሆነ። መነኮሳቱን ሰብስቦ ባበላ ጊዜ ግን ነፃ ወጣች። ስለዚህ በዚያ ቀን ለወላጆች ብቻ ሳይሆን ዘመድ ለሌለው ሙትም ጭምር ሩዝና ፍራፍሬ ይቀርባል።

ፑ ሶንግሊንግ የተባለው ቻይናዊ ደራሲ (በአውሮፓ አቆጣጠር 1640–1715) የተወለደው በእኛ ዐፄ ፋሲል ዘመን ነው። 500 ያህል የመናፍስትና የጉድ ተረቶችን ጽፏል። በአንደኛው ተረት የአንዲት ወጣት መንፈስ አንዱን ተማሪ፣ አጥንቴን አውጥተህ ደህና ቦታ ቅበርልኝ ብላ ትለምነዋለች። አያችሁ ልጆች፣ መንፈሷ የፈለገችው ማስፈራራት አይደለም፤ ቀባሪ ነው።

በባህል አብዮቱ ዘመን (በአውሮፓ አቆጣጠር 1966–1976) የቻይና መንግሥት ይህን ሁሉ አጉል እምነት ነው ብሎ ከለከለ። ታዲያ ቀረ? አልቀረም፤ ዛሬም ይከበራል።

ወደ ወገዳችን ስንመለስ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሞተ ሰው ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። በእኛ ሥርዐት ግን ማዕዱ ለሙቱ አይቀርብም፤ በስሙ ካህናትና ድኾች ይበሉታል። ተዝካር ማለትም መታሰቢያ ማለት ነው። ችግሩ ድግሱ የፉክክር ሲሆን ነው። ለአባቱ አርባ በሬውን የሸጠ ገበሬ በሰኔ በምን ሊያርስ ነው? አራጣ የተበደረችውስ ባልቴት ልጆቿን ምን ልታበላ ነው? ሙቱን እናስብ ብለን ሕያዋኑን እናስርባለን እኮ!

በተአምረ ማርያም የተጻፈውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ያጠጣው እፍኝ ውሃ ሚዛኑን ደፋለት። በሬ አላረደም፤ እፍኝ ውሃ በቃው።

እንግዲህ ቻይናውም ወገዳውም የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ቀባሪና አስታዋሽ አጥቶ መቅረት። እድር የቆመው ይህ እንዳይደርስ ነው። ስለዚህ ተዝካሩ አይቅር፤ ግን በንፍሮና በጠላ፣ በአቅም ይሁን። ወጪው ከእድሩ፣ ጉልበቱ ከጎረቤት፣ ማዕዱም በቅድሚያ ለድኻው ይሁን እላለሁ።