ከአጋንቻ እስከ እንጦጦ
አውሮፓውያን ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ» የሚሉትን መንግሥት ሲያልሙ ወንዙን ሁሉ በዕንቁ ሞሉት፤ በኋላም አገሩ ኢትዮጵያ ነው አሉ። መንዝ ምን ዕንቁ አለውና! ማማ ምድር ብትል፣ ላሎ ምድር ብትል፣ ጌራ ምድር ብትል፣ ገብስ፣ በግና ውርጭ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን የኛዎቹ ሕልም ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከአጋንቻ የተነሣው ነጋሲ በአፄ ልብነ ድንግል ልጅ በያዕቆብ በኩል የሰሎሞን ዘር ነው ተባለ። ሐረጉ የቆመው በትውፊት ላይ ነው፤ ቢሆንም ያለሱ ነጋሲ የመንደር ባላባት ሆኖ በቀረ ነበር። ልጆቹ ይህንኑ ይዘው ወደ ደቡብ ወረዱ። አምኃ ኢየሱስ መቀመጫውን አንኮበር አደረገ፤ ሣህለ ሥላሴ «ንጉሥ» ተባለ፤ የልጅ ልጁ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ ደፋ።