በርጩማው ሳሎን ሲገባ

አማርኛችን የቤት ዕቃን ያከብራል። ንጉሥ ሲነግሥ “አልጋ ያዘ” እንላለን፤ ልጁም አልጋ ወራሽ ነው። ዳኛው ወንበር ላይ ይሰየማል፤ የቅኔው መምህር ወንበር ተክሎ ያስተምራል። በ1966ቱ አብዮት አልጋው ሲወድቅ እንኳ ከዕቃው አልወጣንም፤ አዲሱን ገዢ “ሊቀ መንበር” አልነው። ስሙ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ወንበር ማለት ከግእዙ መንበር የመጣ ቃል ነውና።

የወልድያ ዙሪያ አገር፣ የጁ፣ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በዘመነ መሳፍንት የየጁ ልጆች፣ ከቀዳማዊ ራስ አሊ እስከ ዳግማዊ ራስ አሊ፣ እንደራሴ እየተባሉ አገሩን በእጃቸው አድርገው ነበር። ንጉሥ ሻሩ፣ ንጉሥ አነገሡ። አልጋው ላይ ግን አልወጡም፤ ጎንደር ውስጥ ስሙ ብቻ የቀረለት ንጉሥ ተቀምጦበት ነበር። ጦሩ፣ ግብሩ፣ ፍርዱ የእነሱ ሆኖ አንድ የቤት ዕቃ አቃታቸው። ዕቃ ዕቃ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሌሎቹን የቤታችን ቃላት ተመልከቱ። ጠረጴዛ ሥሩ ግሪክ ነው። ሳሎን፣ ቡፌ፣ ፎቴ ከፈረንሳይ መጡ፤ ኮሞዲኖ ከጣሊያን። ቃሉ ብቻውን አልመጣም፤ ዕቃውን ተሸክሞ ነው የመጣው። የመቀሌውን የአፄ ዮሐንስ 4ኛን ቤተ መንግሥት የሠራው ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ አናጢ ነበር፤ ዙፋናቸውንም የሠራው እሱ ነው። ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የጎበኘ ሰው የአፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይቷል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ የኖሩበት ቤት ነው፤ ክፍሉም የአውሮፓ ክፍል ነው።

ቤተ መንግሥቱ ያደረገውን መኳንንቱ ተከተለ፤ መኳንንቱን ደግሞ ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው። ሥልጡን ቤት ማለት ሶፋና ቡፌ ያለበት ቤት ሆነ። በርጩማው ወደ ማድ ቤት ተባረረ፤ ጠፍር አልጋው ለዘበኛው ተሰጠ፤ ጀንዲው “የባላገር” ተባለና ተጣለ። ቢያንስ ሦስት ትውልድ ከዚያ ዕቃ ለመሸሽ ሲደክም ኖረ።

ዛሬ ጉዞው ተገላብጧል። የውስጥ ዲዛይነሮቻችን፣ ለሆቴሉም ለባህል ምግብ ቤቱም ለባለ ፎቁ ቪላም ሳሎን የሚያሰናዱት፣ አያቶቻቸው የሸሹትን ዕቃ ፍለጋ አገር ለአገር ይዞራሉ። የጅማው ባለ ሦስት እግር ወንበርማ አልፎ ተርፎ በአውሮፓና በአሜሪካ የአንቲክ ሱቆች ገብቷል። ወደ ሰሜን የሚወጣው ተጓዥ ደግሞ ደሴን አልፎ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ ይደርሳል፤ ከዚያ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ይህን መንገድ ደጋግሞ ቢዘጋውም፣ ዕቃ ፈላጊው መንገዱን አልረሳውም።

መንገዱ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ወልድያ የደጋና የቆላ መገናኛ ናት። በስተምዕራብ ወደ ደላንታና ወደ ላስታ የሚወጣው ደጋ በግ አለው፤ ከበጉ አጎዛው፣ ባናው፣ የጠጉር ምንጣፉ ይወርዳል። በስተደቡብ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የሀብሩዋ መርሳ አለች፤ አገሩ ይሞቃል፣ መስኖና ፍራፍሬ ያለበት ነው፤ ከብቱም ዋንዛውም ከዚህ ወገን ነው። የድሮው የወልድያ ቤት ስለዚህ በሁለት የአየር ጠባይ የተሰናዳ ነበር፤ ጠፍሩና እንጨቱ ከቆላ፣ ላዩ ላይ የሚጣለው ከደጋ። የትኛውም ዲዛይነር ቁጭ ብሎ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ አያመጣም።

ደግሞም እያንዳንዱ ዕቃ ምክንያት አለው። ጠፍር አልጋን ውሰዱ። ጥሬው ቆዳ በቀጭኑ ይቀደድና እርጥብ ሳለ በእንጨቱ ቋሚና አግዳሚ ላይ ተወጥሮ ይጠለፋል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይጠብቃል። ምስማር የለው፣ ብረት የለው። ከሥር አየር ስለሚያልፍበት ለሞቃት አገር ከዚያ የተሻለ መኝታ የለም። ሲላላም እንደገና ይወጠራል እንጂ አይጣልም። በርጩማውን ውሰዱ። ከአንድ ግንድ በመጥረቢያና በመሮ ተፈልፍሎ የሚወጣ ስለሆነ የሚላቀቅ መጋጠሚያ የለውም። ሦስት እግር ያደረጉለትም ለጌጥ አይደለም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ አይንገዳገድም። ሞሰቡን ውሰዱ። ስንደዶው መሐል ሆኖ አክርማው በወስፌ እየተጠመጠመበት፣ ዙር በዙር ላይ እየተደረበ ነው የሚሠራው፤ አንድ ጥሩ ሞሰብ ብዙ የሴት ምሽት ይበላል።

ይህን ሁሉ ከቦታው ነቅለን ሳሎን ስናስገባው ምን ይሆናል? ሞሰቡ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እንጀራ የማያውቅ ሞሰብ። በርጩማው በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ላይ ይቀመጥና “እባክዎ አይቀመጡበት” ይባላል። እዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል እንጂ አያጣላም። ሰው በገዛ ቤቱ የወደደውን ይስቀል። የሚያጣላው ዕቃው ከማን እጅ፣ በምን ቀን ወጣ የሚለው ነው።

ወሎ በዚህ ነገር ክፉ ትዝታ አለው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከዚያ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተባለ፤ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ነበረ፤ ለሙዚየሙ የሚሆነውን መርጦ ገዛ። ልብ በሉ፣ ሆምስ ዘረፈ አይባልም። ገዛ! ደረሰኝ ያለው ሰው ነው።

ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ቡድን አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከ1923 እስከ 1925 ዓ.ም. በቆየው ጉዞ ከ3,000 በላይ ዕቃዎች ሰበሰበ። ጎንደር ላይ የአባ አንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ ሰቀለ፤ ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የጉዞውን ማስታወሻ በ1934 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ዕቃዎቹ በምን መንገድ እንደተገኙ አልደበቀም፤ ያን ጽሑፍ አለቃው አልወደደለትም።

የዛሬውን ዲዛይነር ከእነዚህ ጋር አንድ አድርጌ ልኮንነው አይደለም። ጠመንጃ አልያዘም፤ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ከዚህም ሌላ የአገሩ ልጅ ነው። ነገር ግን “ገዛሁት” የሚለው ቃል ብቻውን ነፃ አያወጣም። የወሎ ሰው የቤቱን ዕቃ መቼ ነው የሚሸጠው? በ1965 እና 66፣ በ1977 የሆነውን የምናውቅ እናውቃለን። በክፉ ቀን መጀመሪያ ከብቱ ይወጣል፤ ከዚያ የእናቲቱ ጌጥ፤ በመጨረሻ የቤቱ ዕቃ። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በወልድያና በዙሪያዋ ብዙ ቤት ተዘረፈ። ከዚያ የተረፈውን አንድ ያያት ሞሰብ ወይም አንድ አሮጌ አልጋ ለመንገደኛ የምታወጣ ባልቴት ዕቃውን ስለጠላችው አይደለም። በዚያ ቀን ርካሽ ሆኖ የተገኘ ዕቃ ርካሽነቱ የዕቃው ሳይሆን የቀኑ ነው።

የሚገርመው በዚያው በ2014 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ወሎ ላይ ሲነድ፣ ከመቅደላ ከሄዱት ዕቃዎች የተወሰኑት ወደ አገር ቤት ተመለሱ። የሸሄራዛድ ፋውንዴሽን ገዝቶ ያስመለሳቸው ናቸው፤ ከመካከላቸው ዘውድና ጋሻ ነበረ፤ በብር የተጌጡ የቀንድ ዋንጫዎችም ነበሩ። ዋንጫ የማድ ዕቃ ነው። 153 ዓመት ተሰዶ የተመለሰ የቤት ዕቃ! የዛሬን ዕቃ ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ከየትኛው ሐራጅ ይለቅሙት ይሆን? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ከመርሳ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዕቃ ግን ጠባቂው የገዢው ኅሊና ብቻ ነው።

ዕቃውን አሁን ወደድነው እንበል። ሠሪውንስ? “ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች” ይላል ያገራችን ሰው፣ ትዝብትም ስድብም አድርጎ። ቆዳውን የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረቱን የሚመታውን ቀጥቃጭ፣ ጋቢያችንን የሚሠራውን ሸማኔ ስንሰድብ፣ ቡዳ ስንል፣ ጋብቻ ስንከለክል ኖርን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ስለባሰ ነው። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ዛሬም የበርጩማውን ፎቶ በመጽሔት የሚያወጣው ሰው የጠራቢውን ስም አይጠይቅም። ዲዛይነሩ ስም አለው፣ ሆቴሉ ስም አለው፣ ጠራቢው “የአካባቢው ኅብረተሰብ” ይባላል። ስድቡ ቀርቶ ዝምታው ተተካ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም።

ታዲያ ዲዛይነሩ አይጓዝ? ይጓዝ እንጂ። ጉዞን የመሰለ ትምህርት የት አለ? ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንግሊዝ አገር ተምሮ ሲመለስ አገሩን ዞሮ አየ፤ እንደገና አውሮፓ ተሻግሮ የመስታወት ሥዕልን ሥራ አጠና፤ በውጭ አብያተ መጻሕፍት ያሉትን የብራና ሥዕሎቻችንን ተመለከተ። የዚያ ሁሉ ጉዞ ፍሬ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሆነው የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት ነው፤ የጎንደርን ግንብ የሚያስታውሰው ቪላ አልፋም የዚያው ልጅ ነው። አፈወርቅ ከጎንደር ድንጋይ ነቅሎ አላመጣም። ያመጣው ያየውን ነው። ባለቤቱን ሳያጎድል ሊወሰድ የሚችለው ይህ ብቻ ነው።

ከመርሳም መወሰድ ያለበት ይኸው ነው፤ ሦስቱ እግር፣ የጠፍሩ አጠላለፍ፣ የሁለቱ አየር ጠባይ ጋብቻ። ዕቃው አዲስ ይሠራ። ለዚያም ዋንዛው መኖር አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው እያለቀ ስለሆነ ነው፤ በርጩማ የሚያዝዝ ሰው ችግኝም ቢያዝዝ አይከፋም። ስለዚህ ወደ መርሳ የሚወርድ ዲዛይነር ባዶ መኪና ይዞ አይሂድ። ሜትር ይያዝ፤ ንድፉን የሚያሳይበት ወረቀት ይያዝ፤ የአናጢውን ስም የሚጽፍበት ደብተር ይያዝ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀብድ ይያዝ። የባልቴቷን አልጋ ይየው፣ ይለካው፣ ቡናዋን ይጠጣ፤ አልጋውን ግን እዚያው ይተውላት። ትተኛበታለች።