መሪ የምትለዋ ቃል

ስለ መኪና የማውቀው ታክሲ ውስጥ የቱ ወንበር እንደሚመች ብቻ ነበር። ባለፈው ለበዓል ወሎ ሄጄ፣ ሐይቅ ከሚኖረው አጎቴ ጋር ወደ ውጫሌ ስንጓዝ ግን ትምህርቴን ተቀበልኩ። አጎቴ የሰው ዕቃ እየጫነ መርሳና ወልድያ የሚመላለስባት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። ከሐይቅ ወጥተን ፍጥነቷ ስልሳ ሲደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጎቴ እጁን ጠበቅ አደረገና "ባላንስ ነው፣ አትፍሪ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ወደ ግራ ተሳበች። ያኔ እሱም ዝም አለ። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ የሚወርደውን ቁልቁለት የምታውቁ ሰዎች ለምን ዝም እንዳለ ይገባችኋል። አዙረን ተመለስን።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ? ከሳምንት በፊት "መሪዬ ይላላል" ብሎ አንድ ጋራዥ አስገብቷት ነበር (የት እንደሆነ ይቅር)። እነሱም የመሪውን ጥርስ ሳጥን ማስተካከያ ብሎን ጠበቅ ጠበቅ አድርገው፣ ሒሳባቸውን ተቀብለው ሸኙት። መሪው ጠበቀ። በሽታው ግን እዚያው ነበር።

ሐይቅ ያገኘናቸው መካኒክ ሽበታቸው ከዘይቱ ጋር የተቀላቀለ ሽማግሌ ናቸው። መመርመሪያ ኮምፒውተር ምናምን የላቸውም። መጀመሪያ ያዩት መሪውን ሳይሆን ጎማውን ነው። በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ልስልስ ይላል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመልሱት እንደ መጋዝ ይነክሳል። "ነይ ንኪው የኔ ልጅ" አሉኝ። ነካሁት። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል እያዩ አይደለም ማለት ነው፤ ሲሄዱ በጎናቸው አስፋልቱን ይሞርዱታል።

ቀጥሎ ክሪኩን ከታችኛው ክንድ ስር አስገብተው ጎማውን ከመሬት አነሱት። ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት፤ ዝም። ግራና ቀኝ ይዘው ወዘወዙት፤ ቀጭ ቀጭ! ከላይና ከታች ቢጫወት ኖሮ ጥርጣሬው ቦል ጆይንቱ ወይም ኩሽኔታው ላይ ይሆን ነበር። ግራና ቀኝ ብቻ ሲጫወት ግን ነገሩ ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄዱት ዘንጎች ጋ ነው። ከዚያ መኪናዋን አወረዱና እኔን ጋቢና አስገቡኝ፤ መሪውን በጥቂቱ ግራ ቀኝ እንዳወዛውዝ አዘዙኝና እሳቸው ከስር ተኙ። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጃቸው ጨብጠው "ድገሚ… ድገሚ…" ይላሉ። በመጨረሻ እጃቸው አገኘችው። በግራ በኩል የታይሮዱ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ላስቲኳ ተቀዶ፣ አቧራ ገብቶባት፣ ግሪሷ ደርቆ ቤቷ ውስጥ ትንቀዋለላለች። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ የመጣው ከአንዲት የሎሚ ፍሬ ከማታክል ነገር ነው። ያቺ ኳስ ከቤቷ ብትወጣ የግራው ጎማ ወደፈለገበት ይዞራል፤ አጎቴም የያዘው መሪ ከጌጥ አያልፍም።

እናላችሁ ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጥቶኝ ሥራውን ስመለከት ጆሮዬ ሌላ ነገር ላይ ቀረ። "ክሪኩን ሳብ! ካቻቪቴ አምጣ! ኩሽኔታውን እየው! ኮፈኑን ዝጋ!" ይህ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ጋቢና፣ ካንዴላ… ከመንቀሳቀሱ እስከ መቆሙ ጣሊያንኛ ነው። አንዷ ብቻ አፈነገጠች። ጣሊያኑ "ቮላንቴ" የሚለውን የኛ ሰው "መሪ" አለው። ለምን እሷ ብቻ ተረፈች? የራሴን ግምት ልናገር (ግምት ነው፣ የቋንቋ ሊቃውንት ይታረሙኝ)፤ ካምቢዮ ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ሞተር መፍታት ያስፈልግ ነበር። ፊት ሆኖ የሚወስድህን ነገር ግን አበሻ ከመኪና በፊት ያውቀዋል፤ ስምም አለው።

ደግሞ ቦታውን እዩት። ከዚህ ጋራዥ ወደ ሰሜን ጥቂት ሄዳችሁ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ ፔትሮ አንቶኔሊ የተፈራረሙበት ውል ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ጠቡን ያመጣው 17ኛው አንቀጽ በአንድ ግስ ምክንያት ነበር። አማርኛው ንጉሡ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አማካይነት መላላክ "ይቻላቸዋል" ሲል፣ ሮም የጣሊያንኛውን ቅጂ ይዛ "ግዴታ አለባቸው" ብላ ለዓለም አስታወቀች። ማን ይመራል ነው እንግዲህ ጥያቄው። ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ተመለሰ።

መኪና አገራችን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣላትን ሲድሊ አዲስ አበባ ላይ አዩ። ወደ ወሎ መኪና በብዛት የመጣው ግን በክፉ ቀን ነው። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ገባ፤ ከዚያ ባዶሊዮ ከ1500 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። በአምስቱ ዓመት መንገዱ ተሠራ፤ ፊያትና ላንቻ ከአሥመራ በአምባሰል ሥር ወደ ደሴ ይመላለሱ ጀመር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ መኪናው ቀረ፤ ጥቂት የማይባሉ መካኒኮቹም ቀሩ። የኛ ልጆች ሥራውን ያገኙት ትምህርት ቤት ገብተው ሳይሆን ረዳት ሆነው፣ ቁልፍ እያቀበሉ፣ ጥፊ እየቀመሱ ነው። ቃላቱ የመጡት ከቁልፉ ጋር ነው።

በኋላም ሌላ ሌላ መጣ። በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ገንዘቡም ዓለም ባንክ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ መንገድ ተዛወረ (ያን ቀን መሪ የጨበጠ ሰው ባገኝ ቃለ መጠይቅ ባደረግሁለት!)። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ከአሰብ እህል የጫኑ መኪኖች በደሴና በሐይቅ አልፈው ወደ ኮረም ወጡ።

አሁን ወደ አጎቴ ጥፋት ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለእሱ ነው። እነዚያ የጣሊያን ጭነት መኪኖች ፊታቸው አንድ ወጥ ወፍራም አክስል ነው፤ ባሌስትራ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ጎማዎች ያያይዛል። መሪው ሲላላ ሳጥኑን ማጥበቅ፣ ግሪስ መጠቅጠቅ፣ የተሰነጠቀ ካለ መበየድ… ያ እጅ ያደገው በዚያ ብረት ነው። ፒክአፕም ሲመጣ መጀመሪያ ብዙም አላስቸገረም። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ተወልዶ፣ በ1979 ፎር ዊሉ ሲወጣ ፊቱ ልክ እንደ ጭነት መኪና ወጥ አክስልና ባሌስትራ ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የሚነሳና የሚወርድበት ዓይነት መጣ፤ በ2004 የወጣው ትውልድ ደግሞ ሳጥኑን ትቶ ጥርስ ባለው ቀጥ ያለ ዘንግ ይዞራል። መጋጠሚያው በዛ፣ ብረቱ ቀጠነ። ያረጀችው ኳስ ሆና ሳለ ሳጥኑን ስታጠብቀው ጥርሱ መሐል ላይ ይነክስና በከንቱ ይበላል፤ ኳሷም መሞቷን ትቀጥላለች። የተበየደ የመሪ ዘንግማ ጭራሽ አይነሳ፤ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ይደርቅና አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ቀጭ ይላል።

ይህ የወሎ ጋራዥ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2004 ጃፓን፣ ኩማሞቶ ውስጥ አንድ ሃይሉክስ ሰርፍ የመሪው ማገናኛ ዘንግ ተሰብሮ ተጋጨና አምስት ሰዎች ቆሰሉ። ቶዮታ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጃፓን ውስጥ ወደ 330,000 መኪኖች ጠራ፤ በአሜሪካ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉትን የጠራው ግን በዓመቱ ገደማ ነው። ለዚያ መዘግየት በ2010 የአሜሪካ መንግሥት 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጣው። ዘንጉን የሚያደክመው ምን ነበር? መኪናው ቆሞ ሳለ መሪውን እየደጋገሙ እስከ መጨረሻ መጠምዘዝ።

ይህንን ለመካኒኩ ስነግራቸው ሳቁ። "ለዚህ ጃፓን ድረስ ሄዱ? እኔ ረዳት ሳለሁ ቆማ መሪ ስጠመዝዝ ጌታዬ በካቻቪቴ እጄን ነበር የሚለኝ" አሉ።

ጥገናው ብዙም አልቆየ። ኳሷን ለማስለቀቅ ጥርሱን አልመቱም፤ የተሰካችበትን ክንድ ጎኑን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ሲያደርጉት ወደቀች። አሮጌዋን ሲፈቱ ዙሩን ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ አዲሷን በዚያው ልክ አስገቡ። ዳዶዋን የምታግድ አዲስ ሽቦ አሰሩ፤ አሮጌዋን ልመልስ ያለው ረዳት ቁጣ ቀመሰ። ሳጥኑን ያለ አግባብ የጠበቀውን ወደ ልኩ መለሱት። በመጨረሻም ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥረው አቅጣጫውን አስተካከሉና "ይህ እስከ ደሴ ያደርሳችኋል፤ እዚያ በማሽን አላይመንት ይታይ" ብለው አጎቴን አስማሉት።

በማግስቱ ውጫሌ ደረስን፤ ስልሳም አለፈች፣ መሪው ዝም። ሻይ ልንጠጣ ስንቆም አጎቴ ጥላ ፍለጋ መኪናዋ ቆማ ሳለች መሪውን እስከ ጥግ ጠመዘዘው። ጮህኩበት። "ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ ትናንት ነው እንዴ የተማርሽው?" አለኝ። አዎ ጋሼ፣ ትናንት ነው።